ክርክር፦ የሀይላንዱን ዕዳ ማን ይክፈል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ጥያቄ፦ ፕላስቲክ አምርቶ ወይም አስመጥቶ የሸጠ ድርጅት፣ ዕቃው ቆሻሻ ከሆነ በኋላ የመሰብሰቢያውን ወጪ ይሸፍን ወይስ አይሸፍን? መነሻችን በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጸደቀው፣ ፌስታልን የከለከለው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ነው። ስድብ የለም። ረጅም ድምፅ የምትልኩ ሰዎች ደግሞ እባካችሁ ጻፉት።

ባለ ሱቋ፣ ገርጂ፦ ይሸፍን! ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ተብሏል። ሁለት ኪሎ ቲማቲም ለማንጠልጠል ማለት ነው። እሺ፣ ዘንቢል ይዘን እንወጣለን፣ እናቶቻችንም እንደዚያ ነበሩ። ሀይላንዱስ? እኔ በቀን ሦስት አራት እሽግ ውሃ እሸጣለሁ። ክረምት ሲገባ ደጃፌ ያለውን ቦይ የሚደፍነው እሱ ነው፤ አካፋ ይዤ የምወጣው ደግሞ እኔ።

ሕግ አንባቢው፦ እህቴ፣ ቅጣቱ ባንቺ ላይ ብቻ አይደለም፤ አምራቹና አስመጪውም አለበት፣ የእነሱ ይከብዳል። ግን ቅጣትና ኃላፊነት ይለያያሉ። ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል ይከለክል ነበር። ማን ለካው? ለ18 ዓመት ነፋስ ሲያንሳፍፈው ኖረናል። እዚያው አዋጅ ላይ የጠርሙስና የቆርቆሮ አምራቾች መሰብሰቢያ ሥርዓት እንዲዘረጉ የሚል አለ። የቢራ ጠርሙስ ግን የሚመለሰው አዋጁን ፈርቶ አይደለም። እስቲ ባዶውን ሳትይዙ አንድ ሳጥን ቢራ ግዙ!

ከውሃ ፋብሪካ፦ ይህን ምሳሌ ሁሌም ያመጡብናል። ወንድሜ፣ ቢራ ፋብሪካው ጠርሙሱን የሚፈልገው አጥቦ መልሶ ስለሚሞላው ነው። ሀይላንድ ታጥቦ አይሞላም፤ ተፈጭቶ ነው ሌላ ነገር የሚሆነው። እኛ ፕሪፎርም (ገና ያልተነፋውን ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ) ነፍተን ውሃ እንሞላለን፣ ጥሬ ዕቃው በዶላር ነው የሚገባው። ክፍያ ከጨመራችሁብን ዋጋ ላይ እንጭነዋለን፤ ሌላ ከየት ይመጣል? ደግሞም የሚከፍለው የተመዘገበው ብቻ ነው። በኮንትሮባንድ የሚገባውንና በየጓሮው የሚፈበረከውን ማን ይጠይቀዋል? ሕጋዊ መሆን ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

ሕግ አንባቢው፦ «አንችልም» ካላችሁ ግን አልቀበልም። ክዳኑ ላይ ይጠቀለል የነበረውን ስስ ላስቲክ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተስማምታችሁ አላስቀራችሁም? ዶላር የሚያድን ሲሆን በአንድ ስብሰባ ትጨርሱታላችሁ።

ከውሃ ፋብሪካ፦ እሱስ ልክ ነህ። 😄 ግን እዚያ ወጪ ነው የቀነስነው።

ፍራንክፈርት፦ ከዚህ ከጀርመን ልጨምር። እዚህ ፕፋንድ የሚሉት አለ፤ ውሃ በፕላስቲክ ስትገዛ 25 የዩሮ ሳንቲም ታስይዛለህ፣ ባዶውን ማሽን ውስጥ ስትከት ይመለስልሃል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ነው። እኔ እንደመጣሁ ሰሞን ሰው ጠርሙሱን ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሳይሆን ጎኑ ላይ ሲያቆመው ይገርመኝ ነበር። ለካ የሚለቅም ሰው እጁን እንዳያቆሽሽ ነው።

ለማሸጊያው ሁሉ ደግሞ አምራቾች ከ1991 ጀምሮ ይከፍላሉ (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከፋብሪካ የጻፍከው ወንድማችን ያነሳኸው ነገር እዚህም ደርሷል። ድርጅቶች ቀዳዳ እየፈለጉ መክፈል ትተው በ2014 ሥርዓቱ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። መፍትሔው ሰውን መለመን አልነበረም፤ ከ2019 ጀምሮ ማሸጊያ የሚሸጥ ሁሉ ለማንም ክፍት የሆነ መዝገብ ላይ ስሙን ያሰፍራል፣ ያላሰፈረ መሸጥ አይችልም። ተፎካካሪህ መመዝገቡን ራስህ ከስልክህ ታያለህ። ኬንያም በ2024 መጨረሻ ባወጣችው ደንብ አምራቹ ይመዝገብ፣ ወይ ብቻውን ወይ በማኅበር ይሰብስብ ብላለች። እኛም ቅድሚያ መዝገቡን እናንሳ ባይ ነኝ።

ለቃሚው፦ አንብቤ ዝም ልል ነበር። ሁላችሁም ስለሚከፍለው ነው የምታወሩት። የሚለቅመውን የጠየቀው የለም።

እኔ ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ ነው የምሠራው፣ ከዚያ በፊት ቁራሌው ነበርኩ። ሀይላንድ መንገድ ላይ አይቀርም! ነጩ ሀይላንድ ገንዘብ ነው። የግማሽ ሊትሩ ሃምሳ ስልሳው አንድ ኪሎ ይሆናል። እኛ ካልወሰድነው የጎዳና ልጅ ይወስደዋል፣ እሱ ካልወሰደው የልዋጭ ሴትዮ። ባለ ሱቋ እህታችን ቦይ ውስጥ የምታየው ዋጋው የወረደ ጊዜ የተውነው ነው። ገዢው ዛሬ እንዲህ ነው ነገ እንዲያ ነው ይለናል፤ ለምን ብለን ብንጠይቅ «የውጭ ገበያ» ይለናል። ጭነን ከሄድን በኋላ ዋጋ ሲቀንሱብን ይዘን አንመለስም።

ማንም የማይለቅመውን ልንገራችሁ? የብስኩት ላስቲክ። የቺፕስ። የሻምፑ ትንሿ ከረጢት። ውስጡ የሚያብለጨልጨው ሁሉ። ቀኑን ሙሉ ብትለቅም ገዢ የለውም። ስለዚህ የአምራች ክፍያ መጥቶ ለሀይላንድ ብቻ ከዋለ፣ እኛ በነጻ ለምንሠራው ሥራ ሌላ ድርጅት ሊከፈለው ነው፤ የቀረው ቆሻሻ እንደ ድሮው ይጫናል። ወዴት እንደሚጫን ታውቃላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ፣ የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር፣ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ነው የሞተው። ከሥሩ ቤት የሠራውም እዚያው የሚለቅመውም።

አወያይ፦ ነፍስ ይማር። (አንድ አስተያየት አጥፍቻለሁ፤ ስለ ለቃሚዎች እንዲህ አይጻፍም።)

ከውሃ ፋብሪካ፦ ወንድሜ ልክ ነህ፣ ይህን አላሰብኩትም። ግን የብስኩቱን ላስቲክ እኛ አልሠራነውም። ለምን እንክፈልለት?

ለቃሚው፦ እኔም ብስኩቱን አልበላሁትም።

ፍራንክፈርት፦ እዚህ ክፍያው በክብደትና በዓይነት ነው፤ ወረቀት ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ። ብስኩቱ የራሱን ይከፍላል። ፋብሪካዎች «የእኔ በቀላሉ ይፈጫል፣ ለምን እኩል እከፍላለሁ» ብለው የሚጨቃጨቁትም እዚህ ነው፤ ጭቅጭቁ ራሱ ማሸጊያውን ያሻሽለዋል። ክፍያው ሲተመን ግን ለቃሚው የሚሸጥበት የኪሎ ዋጋ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይወርድበት ወለል ይቀመጥለት። እኛ አገር መጣያው ጋ ማሽን የለም፣ ማሽኑ እሱ ነው።

ሕግ አንባቢው፦ ወለል የሚለውን እይዛለሁ። ዝርዝሩ በደንብና በመመሪያ ነው የሚወጣው፤ ለቃሚዎቹ ሳይጠሩ ከወጣ መልሶ ማስተካከል ዓመታት ይፈጃል። ማኅበራችሁ በጽሑፍ ያቅርብ፣ እኔ ልጽፍላችሁ እችላለሁ። በነጻ።

ባለ ሱቋ፣ ገርጂ፦ ቆይ ቆይ። ማስያዣ ይያዝ ከተባለ ባዶውን የሚቀበለው እኔ ሱቅ አይደል? ሱቄ ሁለት በሁለት ናት። እሽጉን ራሱ ደጅ ነው የምደረድረው። መቶ ባዶ ሀይላንድ የት አስቀምጣለሁ፣ ራሴ ላይ?

ከውሃ ፋብሪካ፦ መኪናችን ውሃ አራግፎ ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ እሱ ይጭነዋል ብለን እናስብ። የማስቀመጫ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ የሆነ ሳንቲም ላንቺ ይታሰባል።

ባለ ሱቋ፣ ገርጂ፦ ስንት? ደግሞ የቢራ ጠርሙስ ሲሰበር ከእኔ ነው የሚቆረጠው። ሀይላንዱን ልጆች ረግጠው ጠፍጣፋ አድርገው ቢያመጡልኝስ፣ መኪናችሁ ይቀበላል ወይስ ያ ደግሞ ለእኔ ይቀራል?