የማንጎ ጣፋጬ ሥሩ ረጠበ፣ ላዩ ቀለጠ፤ እርዱኝ

ሰላም ባለሙያዎች። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ማንጎ ረክሶ ስላየሁ ሦስት ኪሎ ገዛሁ። ከሥር ሊጥ፣ መሐል ማንጎ፣ ከላይ ፍርፋሪ ያለውን፣ በአራት ማዕዘን የሚቆረጠውን ጣፋጭ ልሞክር ብዬ። ሁለቴ ጋገርኩ፣ ሁለቴም አዋረደኝ።

ሥሩ እንደ አጥሚት ላላ። ላዩ ደግሞ ፍርፋሪነቱ ጠፍቶ አንድ ወጥ ቂጣ ሆነ። ልጆቹ በማንኪያ ጨረሱት፤ እነሱ ምን ቸገራቸው! ለእንግዳ ግን አይቀርብም።

ያደረግኩት ይሄ ነው። 2 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ። ቅቤው ባጃጅ ውስጥ በሙቀቱ ቀልጦ ነበር፤ እንዲሁ አሸሁት። ማንጎውን ጥሬውን ከትፌ ከነጭማቂው ጨመርኩ። ኦቭኑ 180 ዲግሪ፣ 40 ደቂቃ።

እኔ የምጠረጥረው ቅቤውን ነው። ፍሪጅ ውስጥ አጠንክሬ በጣቴ ልፈርፍረው? ማንጎውንስ በትንሽ የበቆሎ ስታርች አፍልቼ ላወፍረው? ወይስ ሥሩን አስቀድሜ ለብቻው ልጋግር? ጎረቤቴ «ከፍታው ነው» ትላለች። እርግጥ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ውሃም ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። ግን ለፍርፋሪ ይሄን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ። የቀረኝ አንድ ኪሎ ማንጎ ነው።