የአሚሌዝ ላብ አልሠራልኝም፤ ደግሞስ በገበያ ዕቃ ባዮኬሚስትሪ እንዴት ላስተምር?

ጠያቂዋ (ደሴ)፦
ሰላም ጀማው። እዚሁ ደሴ ለሕክምና ተማሪዎች ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በአንድ የላብ ሰዓት 60 ልጅ ይገባል። ያለችን አንዲት ስፔክትሮፎቶሜትር (የፈሳሽን ቀለም በብርሃን የምትለካ መሣሪያ) ናት፤ እሷም አምፖሏ ከተቃጠለ ቆየ። ልጆቹ ግላይኮሊሲስን፣ ሴል ግሉኮስን ሰብሮ ጉልበት የሚያወጣበትን መንገድ፣ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። «ታዲያ ቀይ የደም ሴል ያለ እሱ ለምን አይኖርም?» ስላቸው ግን ጣራ ጣራ ያያሉ።

ባለፈው ሳምንት ደፈር ብዬ የምራቅ አሚሌዝ፣ ስታርች የሚሰብረውን ኢንዛይም፣ ሞከርኩ። ድንች ቀቅለን ወፍራም ውሃውን ወሰድን። ምራቁን በዲስትልድ ውሃ አቅጥነን ጨመርንበት። አዮዲን ጠብ ስናደርግ ጥቁር ሰማያዊ፤ ስታርቹ ገና አለ ማለት ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላም ጥቁር ሰማያዊ። ከ30 ደቂቃ በኋላም ያው! አንዱ ልጅ «መምህር፣ ቁርስ ስላልበላን ኢንዛይሙም ደክሞታል» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ቤት ስገባ ግን ተናደድኩ።

ምኑ ላይ ነው የሳትኩት? በዚያው ደግሞ ብዙ ወጪ የሌለው፣ ለሐኪም ተማሪ የሚመጥን ሌላ ነገር ካላችሁ ጣል አድርጉልኝ።

ላብ ቴክኒሻን (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህቴ። ምራቁ ጤነኛ ነው፤ የበረደው ክፍሉ ነው። እኛ ጋ ሞቅ ስለሚል ያለ ማሞቂያም ይሄዳል። የደሴ ጠዋት ግን ሌላ ነው። አሚሌዝ የሚወደው 37 ዲግሪ አካባቢን ነው። ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ይዘሽ ግቢ። በሳፋ ከቀዝቃዛ ጋር ቀላቅለሽ በቴርሞሜትር 37 ላይ አምጪው። ቱቦዎቹን እዚያ ውስጥ አቁሚ።

ሁለተኛው ጥፋት ዲስትልድ ውሃው ነው። አሚሌዝ ክሎራይድ ይፈልጋል፤ ጨው ውስጥ ያለውን። ምራቁን በ0.9 በመቶ ሳላይን (የጨው ውሃ) አቅጥኚው፤ አንድ እጅ ምራቅ ለዘጠኝ እጅ ሳላይን። ሦስተኛ፣ የድንቹ ውሃ እንደ አጥሚት ወፍሮ ይሆናል። 1 ግራም ስታርች በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። አዮዲኑም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሁን።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። ስታርቹ ገና ትኩስ እያለ አዮዲን ከጨመርሽ ሰማያዊው በሙቀቱ ብቻ ይጠፋል። ልጆቹ «ሠራ!» ብለው ይጨበጭባሉ። ኢንዛይም የለበትም እኮ! እኔ አንዴ እንደዚህ ተጨብጭቦልኛል። ስለዚህ ምራቅ የሌለበት ቱቦ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይቁም።

ምራቅ ሁሉም የራሱን ብቻ ይንካ። በአፍ መሳብ የሚባል ነገር አይኑር።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ የከሸፈው ሙከራሽ ከሠራው ይበልጣል። እኔ ብሆን አልጥለውም። «ለምን እምቢ አለ?» ብለሽ ለቡድን ስጫቸው። አንዱ ሙቀቱን፣ አንዱ ጨውን፣ አንዱ የስታርቹን መጠን ይፈትን። ከመጀመራቸው በፊት ግን ግምታቸውን በወረቀት ይጻፉ። ሳይገምት የሚያይ ተማሪ ቀለም ብቻ ነው የሚያየው።

ሌላ፣ ከሉካንዳ ትንሽ ጉበት ግዢ። ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። ጥሬው ጉበት አረፋውን ሲተፋ፣ የተቀቀለው ዝም ይላል። ቁስል ላይ ፐርኦክሳይድ ሲፈስ ለምን እንደሚያረፋ ያኔ ይገባቸዋል፤ ፐርኦክሳይድን የሚሰብረው ኢንዛይም፣ ካታሌዝ ነው። የአረፋውን ቁመት በማስመሪያ ይለኩ፣ ግራፍ ይሥሩ። ሚካኤሊስ ሜንተንን፣ ኢንዛይም ሲጠግብ ፍጥነቱ እንደሚገደብ የሚያሳየውን ቀመር፣ በዚህ ለማሳየት ግን አትድከሚ። ካታሌዝ በቀላሉ አይጠግብም፤ ፐርኦክሳይዱ ሲበዛ ደግሞ ኢንዛይሙን ራሱን ይጎዳዋል።

ተረኛ ሐኪም፦
እኔን ያዳነኝ ባቄላና ቆርኪ ነው። ስድስት ባቄላ በመስመር ትደረድሪያለሽ፤ ግሉኮስ ነው፣ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ካርቦን። ቆርኪው ኤቲፒ፣ የሴሉ የጉልበት ገንዘብ፣ ነው። አሥር ተማሪ እንደ አሥሩ የግላይኮሊሲስ ኢንዛይም ይቆማል። መጀመሪያ ሁለት ቆርኪ በብድር ይገባል። ስድስቱ ባቄላ ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል። መጨረሻ ላይ አራት ቆርኪ ይወጣል፤ ብድሩ ሲመለስ ትርፉ ሁለት ነው።

አሁን የመጨረሻውን ልጅ፣ ፓይሩቬት ካይኔዝን፣ «ውጣ» በይው። ቆርኪ ያስቆጥሩ። የገባው ሁለት፣ የወጣው ሁለት። ትርፍ ዜሮ! ቀይ የደም ሴል ሚቶኮንድሪያ የለውም፣ ሌላ ገቢ የለውም። መምህራችን እኛን ስታስቆጥረን አንዷ ጓደኛዬ ዜሮውን አይታ «ውይ፣ ይፈነዳል እኮ!» ያለችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ኢንዛይሙ ሲጎድል የሚመጣውን የደም ማነስ ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም።

ኤሌክትሮን ተሸካሚውን ኤንኤዲ ደግሞ በሁለት ስኒ ብቻ ወስኚው። ስኒዎቹ ከሞሉ ስድስተኛው ልጅ ሥራ ያቆማል። ስኒውን የሚያራግፍለት ላክቴት ሲሠራ ነው። የሚሮጥ ሰው ላክቴት ለምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስም አያስፈልግም፦
ይቅርታ፣ ግን ባቄላ መደርደር የመዋዕለ ሕፃናት ነገር አይመስልም? ፈተናው የሚጠይቀው ሌላ ነው።

ተረኛ ሐኪም፦
ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ ቀን አፍሬ ነበር። ፈተናውንም አለፍኩ፣ ተረኛ ሆኜ ሌሊት የሚጠቅመኝም እሱ ነው። ጨዋታው 20 ደቂቃ ነው፤ ቀሪው ሰዓት የበሽተኛ ታሪክ ይሁን።

የወሎ ልጅ፦
ስለ በሽተኛ ታሪክ ከተነሳ ጓያን አትርሱ። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው እህል ይደርቃል፣ እሱ ይቆማል። ድሃ ቤት ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ እግር ይሽመደመዳል። ውስጡ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ነርቭን የሚቀሰቅሰውን ግሉታሜትን ይመስላል፤ የነርቭ ሴሉን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሰዋል። «አንድ ገበሬ እግሬ ተሳሰረ ብሎ መጣ፤ ምን ትጠይቁታላችሁ?» ብለሽ ጀምሪ። አሚኖ አሲድ የሚለው ምዕራፍ በአንዴ ሰው ይሆናል። ገጠር አያት ያለው ተማሪም አይጠፋም፤ አያቱን ደውሎ ይጠይቅ፣ ጓያ እንዴት ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ደፍተው እንደሚያበስሉ። መዘፍዘፉ መርዙን ይቀንሳል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ደገምኩት። ፔርሙሱን ከቤት ይዤ ገባሁ፣ ዘበኛው «ሻይ ነው?» አለኝ። በስድስተኛው ደቂቃ ሰማያዊው ወደ ቡኒ ዞረ፣ በአሥራ አንደኛው አዮዲኑ ቢጫውን እንደያዘ ቀረ። በዲስትልድ ውሃ ያቀጠነው ቡድን ግን ወደኋላ ቀረ። ያው የቁርሱ ልጅ ነው «ጨው ነው የጎደለው!» ብሎ የጮኸው።

ለማክሰኞ ወተት አስቤያለሁ። በሎሚ ረግቶ አጓቱ ሲለይ፣ በአጓቱ ላይ ቤኔዲክት፣ ሲሞቅ ስኳርን በቀለም የሚያሳየውን ሰማያዊ ፈሳሽ፣ ልሞክር። ላክቶሱ፣ የወተቱ ስኳር፣ ይታያል?

ላብ ቴክኒሻን (ኮምቦልቻ)፦
ይታያል፣ ብርቱካንማ ይሆናል። መጀመሪያ ግን አሲዱን በሶዳ አስተካክዪው። ውሃው ደሴ ላይ ከ100 በታች ስለሚፈላ ቱቦውን ትንሽ አቆይው። የስኳር ውሃም ጎን ለጎን አድርጊ፤ እሱ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ለምን እንደሆነ ለቁርሱ ልጅ ተይለት።