ባሕር ዳር ላይ በዝናብ ጊዜ አውሮፕላን ሳያርፍ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ደመናው ጣናን ሲሸፍነው አውሮፕላኑ ወርዶ ወርዶ መልሶ ይነሳል። ብልሽት ነው?

መልስ 1፦ ኧረ ጤና ነው! አብራሪው በተወሰነለት ዝቅተኛ ከፍታ የማኮብኮቢያው መብራት ካልታየው ኃይል ጨምሮ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ጎማ ሰብስቦ ይወጣል። ሰው የሚፈጀው «ትንሽ ልውረድና ልይ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮርክ፣ አየርላንድ፣ አንዲት ሜትሮላይነር (ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ የመንገደኞች አውሮፕላን) በጭጋግ ለ3ኛ ጊዜ ስትሞክር ከተወሰነላት 200 ጫማ (60 ሜትር ገደማ) በታች ወረደች፤ ከ12ቱ ሰዎች 6ቱ ሞቱ።

መልስ 2፦ የኮርኩ አደጋ ምክንያት ጭጋጉ ብቻ አይደለም። የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያው በአየር ላይ ከሚፈቀደው በታች ተሳበ፤ የሁለቱ ሞተሮች ኃይል እኩል ስላልነበረ አየር ላይ ወደ ጎን ተንከባለለች። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ሲወጣም የሞተሩ ጉልበት ያንሳል።

ጠያቂ፦ ነዳጁስ?

መልስ 2፦ አማራጭ ማረፊያ የሚያደርሰውንና የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ሳይዝ አይነሳም።