ማድያትና ወይባ፦ የምታውቁ አማክሩኝ

እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። 46 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። መጨማደዱ ብዙም አላስጨነቀኝም፣ የዕድሜ ነገር ነው። ያስቸገረኝ ጉንጬና ግንባሬ ላይ የወጣው ማድያት ነው።

የቆዳ ሐኪሟ ዋናው ነገር ከፀሐይ መከለል ነው አለችኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ሰማዩ ቢደምንም ጨረሩ ይበረታል። ስለዚህ የመከላከል አቅሙ ኤስፒኤፍ 30 የሆነ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ጠዋት እቀባለሁ፤ ውጭ ከዋልኩ በየሁለት ሰዓቱ እደግመዋለሁ። ችግሩ፣ ዚንክ ያለበት ጠይም ፊቴን አመድ ያስመስለዋል! ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የሚባል ማቅለሚያ የገባበት ለማድያት የተሻለ ነው። ለጠይም ቆዳ የሚሄድ ከየት ገዛችሁ? በስንት?

ሁለተኛው ወይባ ነው። አክስቴ "ቆዳሽን የሚያወዛው እሱ ነው" እያለች ቅዳሜ ቅዳሜ ታስሞቀኛለች። እውነትም ገላዬ ይለሰልሳል፣ ሽታውንም እወደዋለሁ። ግን ሙቀት ማድያትን ሊያባብስ ይችላል። ፊቴን ከጢሱ አርቄ ገላዬን ብቻ ብሞቅ ይበቃል ወይስ ጭራሽ ልተወው? ማድያት ኖሯችሁ ወይባ የምትሞቁ ካላችሁ፣ ምን እንዳያችሁ ንገሩኝ።

እርድ በሎሚ የምትሉኝን ግን ይቅርታ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል። ስም የሌለው ቅልቅል ክሬምም አልፈልግም፤ ውስጡ ስቴሮይድ (ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀቡት ቆዳ የሚጎዳ መድኃኒት) ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ማታ የምቀባው እሬት ብቻ ነው። እሱ ላይ የምጨምረው ቀለል ያለ ነገር ካለ ጠቁሙኝ።