ክረምት ላይ የሚዘለውን የናይትሬት ቁጥር ለትንተና እንዴት ላዘጋጀው?

የቀሃ ዳር፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጎንደሮቹ ቀሃና አንገረብ ወንዞች የቀዳሁትን ውኃ ናይትሬት በአልትራቫዮሌት ስፔክትሮፎቶሜትር (ውኃው ምን ያህል ብርሃን እንደዋጠ በሚለካ መሣሪያ) ለክቼ ኤክሴል ላይ አስፍሬዋለሁ። የበጋው ደህና ነው፤ የክረምቱ ግን ወጣ ገባ ይላል። ከአንድ ጠርሙስ የተነበቡ ሦስት ቁጥሮች እንኳ አይስማሙም፤ አንዳንዱም ከዜሮ በታች ነው። ጓደኛዬ «በተንቀሳቃሽ አማካይ አለስልሰህ ሁለቱን ወንዞች አወዳድር» ይለኛል። ላድርገው?

አሮጌው ላብራቶሪ፦ ኧረ ተው ልጄ! ካለሰለስከው እያንዳንዱ ቁጥር ከጎረቤቱ ተበድሮ ይመጣል። የስታቲስቲክስ ፈተናው ደግሞ ሁሉም ራሱን የቻለ ነው ብሎ ስለሚያስብ የሌለ ልዩነት ያሳይሃል።

ይልቅ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሳና እየው። ቀሃ በሐምሌ ውኃ ነው እንዴ? ደለሉ ብርሃኑን ይበትናል፤ መሣሪያው ያንን ናይትሬት ብሎ ይቆጥርልሃል። በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፈኸዋል? በ275 ናኖሜትርስ አንብበሃል? የ275ቱን በሁለት አባዝተህ ናይትሬት ከሚለካበት ከ220 ናኖሜትሩ ንባብ ትቀንሳለህ፤ ናይትሬት በ275 ብርሃን አይውጥም፤ እዚያ የሚታየው የቅጠልና የፍግ ብስባሽ ነው። ተቀናሹ ከ220ው ንባብ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ዘዴው ለዚያ ናሙና አይሆንም።

የቀሃ ዳር፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የ275ቱ አለኝ። ማጣሪያው ክረምቱ መካከል ላይ አልቆብን ስለነበር ግማሹ ብቻ ነው የተጣራው። ከዜሮ በታች ያሉትን ዜሮ ላድርጋቸው?

ሰንጠረዥ ወዳጅ፦ አታድርግ ወንድሜ። ባዶ ናሙናዎችህን (ናይትሬት የሌለበትን ንጹሕ ውኃ) ደጋግመህ ለካ፤ የመደበኛ ልይይታቸው (ንባቦቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን) ሦስት እጥፍ መሣሪያው የሚለየው ዝቅተኛ መጠን ነው። ከዚያ በታች ያለውን «ከዚህ ያነሰ» ብለህ ምልክት አድርግበትና በካፕላን-ማየር ዘዴ (እንዲህ ምልክት የተደረገባቸውን በሌላ ቁጥር ሳይተካ በሚያሰላ ዘዴ) አስላው። በቦታው የዚያን ዝቅተኛ መጠን ግማሽ መተካት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ከአንድ ጠርሙስ የወጡት ሦስት ንባቦች እንደ ሦስት ናሙና አይቆጠሩም፤ አማካያቸውን ያዝ። ለተጣራና ላልተጣራ የሚሆን ዓምድም ጨምር።

ጥር ላይ ያፈነገጠ ቁጥር ካለህ ደግሞ ለመሰረዝ አትቸኩል። ለጥምቀት ቀሃ ወደ ፋሲል መዋኛ ይጠለፋል፤ ከዚያ በታች የቀዳኸው ውኃ እውነትም የተለየ ሊሆን ይችላል።

አሮጌው ላብራቶሪ፦ የእኅታችን ምክር ወርቅ ነው። አንድ ልጨምር፦ የሠራኸው በሙሉው ናይትሬት ክብደት ነው ወይስ በውስጡ ባለው ናይትሮጅን ብቻ? የዓለም ጤና ድርጅት 50 ሚሊግራም በሊትር የሚለው ለናይትሬት ነው፤ በናይትሮጅን ሲሰላ 11.3 ገደማ ይሆናል። ዓምዱ ራስ ላይ ጻፈው።