ቤቱ ከተሸጠ በኋላ 34,750 ፓውንድ ዕዳ አለብሽ ተባልሁ፤ ሁሉንም መክፈል አለብኝ?

ጠያቂዋ፣ ደቡብ ለንደን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ከትናንት ወዲያ የደረሰኝ ደብዳቤ እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው የምጽፍላችሁ።

ከባለቤቴ ጋር በሁለታችን ስም በብድር የገዛነው ቤት ነበረን። ከተለያየን በኋላ እርሱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ እኔ ደግሞ ወርሃዊውን ክፍያ በአንድ ደመወዝ ልወጣው አልቻልሁም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የፍርድ ቤት አስፈጻሚዎች መጥተው ቤቱን ተረከቡኝ። አበዳሪው የሸጠው ከ11 ወር በኋላ፣ በየካቲት 2024 ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም ስላልሰማሁ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በደብዳቤው መሠረት ቤቱን ባስረከብሁ ቀን ዕዳው 241,300 ፓውንድ ነበር፤ የተሸጠው በ225,000 ነው። ልዩነቱ 16,300 ይሆናል፤ እስከዚህ ድረስ ይገባኛል። ከሥሩ ግን እስከ ሽያጩ ቀን የታሰበ ወለድ 9,600፣ የደላላና የጠበቃ 4,900፣ «የንብረት አስተዳደር» 1,850፣ የቤት ቁልፍ መቀየሪያ 540፣ የካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው የቤት ግብር) 1,560 ተደምሮበት 34,750 ሆኗል። በ14 ቀን ውስጥ እንዴት እንደምከፍል እንዳሳውቅ ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው። ቤቱ ባለ ሦስት መኝታ ነበር። ሦስተኛውን ከጣሪያው ሥር በካውንስሉ ፈቃድ ነው ያሠራነው፤ የምስክር ወረቀቱ እጄ ላይ አለ። የሽያጭ ማስታወቂያውን ያን ጊዜ በስልኬ ፎቶ አንሥቼው ነበር፤ «ባለ ሁለት መኝታ» ይላል። የልጄ አልጋ የነበረበት ክፍል «ዕቃ ማስቀመጫ» ተብሎ ተጽፏል።

በሚቀጥለው ወር የ3,000 ፓውንድ ዕቁብ ይደርሰኛል። እርሱን ብልክላቸው ይተዉኝ ይሆን? ደግሞስ የዕዳው ግማሽ የባለቤቴ አይደለም?

ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ፣ በርሚንግሃም

ልጄ፣ ዕቁብሽ ሲደርስ ለጊዜው ከእጅሽ አታውጪው። በመጀመሪያ ሒሳቡ ይመርመር።

ዕዳ የለብሽም አልልሽም። በዚህ አገር ቤቱን ማስረከብ ብድሩን አይዘጋውም፤ የሽያጩ ገንዘብ ካልሸፈነው ቀሪው በተበዳሪው ላይ ይቆያል። ነገር ግን «ዕዳ አለብሽ» እና «34,750 አለብሽ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዝርዝሩን አንድ በአንድ እንየው።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በካውንስል ታክሱ ላይ ነው። በእንግሊዝ አበዳሪው ተረክቦት ባዶ የቆመ ቤት ከካውንስል ታክስ ነጻ ነው፤ ምድቡም «ኤል» ይባላል። ታዲያ 1,560 ፓውንዱ ለማን ተከፈለ? ካውንስሉ ዘንድ ደውለሽ ለነዚያ 11 ወራት ታክስ ተጠይቆ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልሽ ጠይቂ።

ስለ ቁልፉና ስለ «ንብረት አስተዳደሩ» ደረሰኝ ይምጣ በይ። ቁልፉ ስንት ጊዜ ነው የተቀየረው? አስተዳደር የተባለውስ ምን ሥራ ነው? ክፍያ ላቋረጠ ተበዳሪ የሚጠየቅ የአገልግሎት ዋጋ፣ መቋረጡ በአበዳሪው ላይ ያመጣውን ተጨማሪ ወጪ በአግባቡ የሚገምት መሆን አለበት፤ ይህ ኤፍሲኤ የሚባለው የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ደንብ ነው።

ወለዱ ከበድ ይላል። አብዛኛው ውል እስከ ሽያጩ ቀን ድረስ ወለድ ያስቆጥራል። ሆኖም ያው ደንብ አበዳሪው ቤቱን በተቻለ ፍጥነት ለገበያ እንዲያቀርብና በአግባቡ ሊገኝ የሚችለውን የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ ያዝዛል። ስለዚህ ቤቱ ለሽያጭ የወጣበትን ቀን ጠይቂ። ያለ በቂ ምክንያት አምስት ወር ተዘግቶ ቆሞ ከሆነ የእነዚያን ወራት ወለድ ትሟገቺበታለሽ።

ያነሣሽው ፎቶ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በ1971 በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የታየ ከክሜር ብሪክ የሚባል ጉዳይ አለ። አበዳሪው መሬቱን በሐራጅ ሲሸጥ፣ አፓርታማ እንዲሠራበት የተሰጠው ፈቃድ በማስታወቂያው ላይ አልተጠቀሰም ነበር። ፍርድ ቤቱም አበዳሪ ትክክለኛውን የገበያ ዋጋ ለማግኘት ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። አበዳሪው ገበያው እስኪሞቅ እንዲጠብቅ አይገደድም፤ መኝታ ቤትን ዕቃ ማስቀመጫ ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነው። በመንገዳችሁ ያሉ ተመሳሳይ ቤቶች በዚያ ሰሞን በስንት እንደተሸጡ ከመሬት መዝገብ ቤቱ የሽያጭ ዋጋ መረጃ በነጻ ታገኚዋለሽ።

የታክሲ ነጂው፣ ሊድስ

እኅቴ፣ አይዞሽ። የእኔም ቤት በ2009 ተሸጧል። ስገዛ የመድን ክፍያ አስከፍለውኝ ስለነበር «መድኑ ይሸፍነዋል» ብዬ ተቀምጬ ነበር። ለካስ መድኑ የሚጠብቀው አበዳሪውን ነው! ኩባንያው ለአበዳሪው ከከፈለ በኋላ ራሱ ወደ እኔ መጣ። 22,000 ፓውንድ ጠየቁኝ፤ ገቢና ወጪዬን በዝርዝር ጽፌ 5,500 በአንድ ጊዜ ልክፈልና ይዘጋ አልኋቸው፤ ከሁለት ደብዳቤ በኋላ ተቀበሉ። «ለሙሉና ለመጨረሻ ማጠናቀቂያ» የሚል ቃል ያለበት ስምምነት በጽሑፍ ሳይደርስሽ ግን አንድ ሳንቲም እንዳትልኪ።

ደግሞ ስድስት ዓመት ካለፈ ዕዳው በይርጋ ይቀራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዝም ብሎ መጠበቅም ያዋጣ ይሆናል።

በዕዳ ምክር ቢሮ በጎ ፈቃደኛ የሆነችው፣ ለንደን

ወንድሜ፣ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ላርምዎት፤ በዚህ ብዙ ሰው ተጎድቷል። በእንግሊዝና በዌልስ ለዋናው ገንዘብ የይርጋው ጊዜ 12 ዓመት፣ ለወለዱ 6 ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ቤቱ ከተሸጠበት ቀን ሳይሆን አበዳሪው ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ካገኘበት ቀን ነው። በመካከሉ ገንዘብ ከከፈሉ ወይም ዕዳውን በጽሑፍ ካመኑ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ሰዎች የሚሰሙት ሌላኛው 6 ዓመት የኤፍሲኤ ደንብ ነው፤ አበዳሪው ቀሪውን ሊጠይቅ ካሰበ ከሽያጩ ቀን ጀምሮ በ6 ዓመት ውስጥ ለተበዳሪው ማሳወቅ አለበት። ለጠያቂዋ ሁለቱም ጊዜ ገና ስላላለፈ ዝምታ አይጠቅማቸውም።

እኅቴ፣ ስለ ባለቤትዎ የጠየቁትን ስመልስ አዝናለሁ። የጋራ ብድር ላይ እያንዳንዱ ተበዳሪ ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ነው፤ አበዳሪው የሚያገኘውን ሰው ሙሉውን መጠየቅ ይችላል። እርስዎ ከድርሻዎ በላይ ከከፈሉ ትርፉን ከእርሱ መጠየቅ የእርስዎ ጉዳይ ይሆናል።

በ14 ቀኑ ውስጥ አጭር ደብዳቤ ይላኩ፤ ግልባጩንም ያስቀሩ። ቃሉ በግምት ይህን ይመስላል፦ «ይህ ደብዳቤ ዕዳውን ማመን አይደለም። የሒሳቡን ሙሉ ዝርዝር፣ የእያንዳንዱን ወጪ ደረሰኝ፣ ከሽያጩ በፊት የተሠሩትን የዋጋ ግምቶች፣ ቤቱ ለሽያጭ የወጣበትን ቀንና የቀረቡትን የዋጋ ሐሳቦች ላኩልኝ። እስከዚያ ክፍያ መጠየቁን አቁሙ።» በተጨማሪ ስለ እርስዎ የያዙትን የግል መረጃ ሁሉ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ይህ በነጻ ነው፣ በመደበኛውም በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው።

መልሱ ካላጠገበዎት «አቤቱታ» ብለው በግልጽ ይጻፉ። የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አላቸው። ከዚያ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው ይሄዳሉ፤ የመጨረሻው መልስ ከደረሰዎት ቀን አንሥቶ 6 ወር እንዳያልፍብዎ። እርሱም በነጻ ነው። የዕዳ ምክር የሚሰጡት ናሽናል ዴት ላይን፣ ስቴፕ ቼንጅና ሲቲዝንስ አድቫይስ ገንዘብ አይጠይቁም፤ «ዕዳሽን አሰርዝልሻለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ለሚጠይቅ ሰው በር አይክፈቱ።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ የማስታወቂያው ፎቶ ከስልኬ ላይ ነው፣ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል?

በጎ ፈቃደኛዋ

በሚገባ። ፎቶው የተነሣበት ቀን እንዲታይ ሳይቆርጡ፣ ከካውንስሉ የምስክር ወረቀት ግልባጭ ጋር ያያይዙት። ዋናውን የምስክር ወረቀት ግን ለማንም አይላኩ።

ጠያቂዋ፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ

ውጤቱን ልንገራችሁ። ካውንስሉ ለእነዚያ ወራት ምንም ታክስ እንዳልጠየቀ በደብዳቤ አረጋገጠልኝ፤ አበዳሪውም 1,560ውን ሰረዘ። ቁልፉ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል ይላሉ፤ የተገኘው ደረሰኝ ግን የአንዱ ብቻ ነው። ቤቱ ለሽያጭ የወጣው ከተረከቡት ከአራት ወር በኋላ መሆኑን ከመዝገባቸው አይቻለሁ። ግምት የሠራው ሰው በቅጹ ላይ «3 መኝታ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ደላላው ነው ሁለት ያደረገው። ሁሉንም አያይዤ ትናንት አቤቱታዬን አስገብቻለሁ። ዕቁቡ ደርሶኛል፤ ባንክ አስቀምጬዋለሁ።