ለአሮጌ መኪና የዘይት ግፊት ጌጅ መስመር ለማስገጠም፦ ምን እንግዛ? ለማን እናሠራ?

የአባቴን ላዳ 2101 ከተረከብኩ ጀምሮ ሲያሳስበኝ የኖረው በክሩስኮቶዋ (ከሾፌሩ ፊት ባለው የመለኪያዎች ሰሌዳ) ላይ ስለ ዘይት የሚናገር አንድ ቀይ መብራት ብቻ መኖሩ ነው። ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ ከ1 ባር እጅግ ወርዶ ሞተሩ ለጉዳት ሲቃረብ ነው፤ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ከሆነማ መብራቱ እስኪታይ ድረስ ብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ስስ ብረቶች) ሊበሉ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት የዘይቱን ግፊት በመርፌ የሚያሳይ ጌጅ (መለኪያ) ለማስገጠም የአዲስ አበባን መሀል ከተማ ዞሬያለሁ፤ ተመሳሳይ መኪና ያላችሁ ከእኔ ድካም ትጠቀሙ ዘንድ ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ጌጁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዘይቱን ራሱን በቀጭን ቱቦ እስከ ክሩስኮቶው የሚያመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሞተሩ ላይ በሚታሰር ሴንሰርና በሽቦ የሚሠራ ነው። ቮልስ ያላችሁ ሁለተኛውን ያዙ፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ዘይት የተሸከመ ቱቦ በመኪናው ርዝመት ሁሉ ማሳለፍ ትርፉ ስጋት ነው። በላዳ ግን ሞተሩ ከፊት ነው፣ ቀይ መብራቱን የሚያበራው የዘይት ስዊች በሞተሩ ግራ በኩል ይገኛል፣ ጭስ ማውጫው ደግሞ በቀኝ ነው፤ ስለዚህ መስመሩ አጭርና ከሙቀት የራቀ ይሆናል። እኔ ባለ ቱቦውን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃውን ለመግዛት የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን የሚያህል ቦታ የለም። አዲስ በካርቶን የታሸገውም፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታውም እዚያ ይገኛል። የተፈታውን የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት በአቅራቢያው ወዳለ ጎማ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰሩ አየር አስሞክሩት፤ የጎማ ቤቱ ጌጅ 2 ባር ሲል የእናንተም መርፌ እዚያው ሊቆም፣ አየሩ ሲለቀቅም ሳይንገራገጭ ወደ ዜሮ ሊመለስ ይገባል። እኔ ካስሞከርኳቸው ሦስት ጌጆች አንዱ ዜሮ ላይ መመለስ አቅቶት ቀርቷል።

ከጌጁ ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው ግን መስመሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ ጥርስ (እንደ ብሎን እየዞረ የሚገባበት) ነው። ስዊቹ የሚታሰርበት የላዳው ቀዳዳ 14 ሚሊ ሜትር ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጥ ያለ ጥርስ ስለሆነም የሚዘጋው በመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ነው። የቮልስ ዋገኑ 10 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትርና ሾጣጣ ነው። በአብዛኞቹ የድሮ ቶዮታዎች ላይ የሚገኘው 1/8 ኢንች ሾጣጣ ሲሆን በአንድ ኢንች 28 ጥርስ አለው፤ መጠሪያው ተመሳሳይ የሆነው የአሜሪካኑ ማገናኛ ደግሞ 27 ነው። እነዚህ ሁለቱ በእጅ ጥቂት ዙር ስለሚግባቡ ሻጩ በቅንነት «ይሄማ ይገባል» ይላችኋል፤ በቁልፍ ሲጠብቅ ግን ጥርሱን ይበላዋል፣ ወይም ቀስ እያለ ዘይት ያፈሳል። ስለሆነም የተፈታውን ስዊች በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሚስማማ ካጣችሁ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ያወጣላችኋል፤ በአንዱ አፍ ጌጁ፣ በሌላው የቀድሞው ቀይ መብራት ስዊች ይታሰራል። መብራቱን ማስቀረት ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዓይናችን መንገድ ላይ ሲሆን የሚጠራን እሱ ነውና።

ስለ ቱቦው የምለው በራሴ ከደረሰው ይነሳል። መጀመሪያ የገጠመልኝ ጋራዥ ከጌጁ ጋር በካርቶን የመጣውን የናይለን ቱቦ በሞተሩና በእግራችን መካከል ባለው ላሜራ ላይ በበሳው ቀዳዳ አሳለፈው፤ የጎማ ቀለበት ግን አላስገባበትም። ከአንድ ወር በኋላ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ዳገቱን ስወጣ፣ ፖስታ ቤቱን እንዳለፍኩ የሞቀ ዘይት ሽታ መጣ፤ ፍሪሲዮን የምረግጥበት ግራ ጫማዬ ላይም ትኩስ ነገር ሲንጠባጠብ ተሰማኝ። መርፌው ወርዶ ነበርና ወዲያው ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ቱቦውን ስፈትሸው የላሜራው ጠርዝ በምላጭ የተቀደደ አስመስሎ ከፍቶታል።

ከዚያ ወዲህ ናይለን ለማንም አልመክርም። የመዳብ ቱቦ ይሻላል፤ ሆኖም በንዝረት እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ ከመገጠሙ በፊት ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪመስል በእሳት ተሞቆ መለስለስና ሞተሩ አጠገብ አንድ ሁለት ዙር ተጠቅልሎ መታሰር አለበት። ከሁሉም የምመርጠው ግን የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚጫን ቤት በልክ የሚያዘጋጀውን፣ ውጪው በብረት ሽቦ የተሸረበውን ነው። ዋጋው ከናይለኑ በብዙ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሁለቱም ጫፎች በማሽን ተጨምቀው ስለሚወጡ የሚላቀቅ ነገር የለም። ርዝመቱን አስቀድማችሁ በገመድ ለኩ፤ ሞተሩ ሲንቀሳቀስ እንዳይወጠርም አንድ ጋት ያህል ትርፍ ጨምሩበት።

ገጠማውን ለማን እናሠራ ለሚለው፣ ጠቅላላ ጋራዥ ከምትመርጡ ማገናኛውንና ቱቦውን ለየባለሙያው አሠርታችሁ፣ የድሮ ላዳ ታክሲዎችን ሲጠግን የኖረ መካኒክ ፊታችሁ እንዲያስር ብታደርጉ ይሻላል። በሾጣጣው ጥርስ ላይ የቧንቧ ሠራተኞች ነጭ ቴፍሎን እንዲጠመጥም አትፍቀዱ፤ ቁራጩ ወደ ዘይቱ መንገድ ሊገባ ይችላል፣ ጌጁ ባለ ሽቦ ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ ከሞተሩ ጋር ያለውን የኤሌክትሪክ ግንኙነት ያበላሻል።

ሥራው እንዳለቀ ሞተሩን አስነስታችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጥረጉት፤ ሶፍቱ ላይ ጠብታ ከታየ ሳትከፍሉ አጥብቁ በሏቸው። በላዳ 2101 ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በከፍተኛ ዙር ከ3.5 እስከ 4.5 ባር ገደማ ማንበብ አለበት፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ዝቅ ይላል፣ ከ0.5 በታች ግን መውረድ የለበትም። ከዚያ በታች ካነበበ ሞተሩን ከማስከፈታችሁ በፊት በጎማ ቤት የተሞከረ ሌላ ጌጅ በዚያው መስመር ላይ አስራችሁ ደግማችሁ ተመልከቱ።